በጥር ዝናብ የለም

አሰፋሽን የማያውቅ የአትላንታ፣ የክላርክስተን ሐበሻ ካለ ወይ ትናንት የገባ ነው፣ ወይ አውሮፕላን ይፈራል። ከአቮንዴል እስቴትስ ሲመጡ ከጎማ ቤቱ አጠገብ ያለችው ፀጉር ቤት የእኔ ናት። ኪራዩን የምከፍለው እኔ፣ በሩ ላይ የተጻፈውም የእኔ ስም፦ «ሕይወት የፀጉር ሥራ»። ሰው ግን «አሴ ጋ እንገናኝ» ነው የሚለው። አሰፋሽ ጥግ ላይ አንዲት ጠረጴዛ፣ አንድ ኮምፒውተርና ሁለት ስልክ ይዛ ትኬት ትሸጣለች፤ ቤቴን በቁሜ ከወረሰችኝ ቆየች። ለፀጉሩ የመጣ ሰው ትኬት ቆርጦ ይወጣል። ለትኬት መጥቶ ፀጉሩን ተሠርቶ የወጣ ግን እስከ ዛሬ አላየሁም።

በዲቪ የመጣች ጊዜ ኮንየርስ ከተማ አንድ መጋዘን ገብታ ዕቃ ታሽግ ነበር። ወገቧ እምቢ ሲላት ሥራውን ተወችና ለጎረቤት ርካሽ ትኬት መፈለግ ጀመረች። ጎረቤት ለዘመድ፣ ዘመድ ለማኅበር ነገረ፤ በዚያው ሥራዋ ሆነ። ባል አልነበራትም፣ ልጅ አልወለደችም። የሰው እናት ከአውሮፕላን ወርዳ ልጇን ስታቅፍ የተነሳ ፎቶ ይላክላታል፤ እሱን ጠረጴዛዋ መስታወት ሥር ታስገባዋለች። መስታወቱ ከመሙላቱ የተነሳ ከሥሩ እንጨት ይሁን ብረት አይታወቅም።

የእሷ ሙያ ዋጋ መፈለግ ብቻ አልነበረም፤ ዋናው ቀን መምረጥ ነው። ከጀርባዋ የቤተ ክርስቲያን ካላንደር ተሰቅሏል። እናቷን ልታስመጣ የመጣችን ልጅ መጀመሪያ የምትጠይቃት «ይጾማሉ?» ብላ ነው። ይጾማሉ ከተባለች ሁዳዴን ትዘላለች፣ ፍልሰታን ትዘላለች፣ የገናን ጾም ትዘላለች። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ክረምት ነው፣ ሰው ከቤቱ የሚወጣበት አይደለም ትላለች። «አውሮፕላን በጭቃ ይሄዳል እንዴ?» ብዬ ስቀልድባት ትቆጣለች። የምትወደው ወር ጥር ነው። ጾም የለበትም፣ ዝናብ የለበትም፣ ሰው ይድራል፣ ሰው ይደሰታል። «ጥር አሳፍሮኝ አያውቅም» ትል ነበር። እውነትም አሳፍሯት አያውቅም ነበር፤ ሰዎቿ የሚመላለሱት በአዲስ አበባና በአትላንታ መካከል ነውና።

ሐምራዊት የእኔ ደንበኛ ናት። ብሩክሄቨን ያለ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። ቀኑን ሙሉ የሰው አገር እናት ስታነሳና ስታስተኛ ውላ፣ በየሁለት ሳምንቱ እኔ ወንበር ላይ መጥታ እንቅልፍ ይወስዳታል። አሜሪካ የተቀበላት በአሳይለም፣ በጥገኝነት ነው፤ ስለዚህ አገሯ መግባት አትችልም። እናቷ እማማ አረጋሽ ደግሞ ከፍቼ አዲስ አበባ እየተመላለሱ ሁለት ጊዜ ቪዛ ጠይቀው ሁለት ጊዜ ተከልክለዋል። ዘጠኝ ዓመት አልተያዩም። እሷ መሄድ አትችል፣ እሳቸው መምጣት አይችሉ። ሐምራዊት ይህንን ስታወራ አታለቅስም ነበር፤ ያስፈራኝ የነበረው እሱ ነው።

አንድ ቀን አሰፋሽ ከኮምፒውተሯ ቀና ብላ ጮኸች። «ሂዊ! ማንንም ቪዛ የማትጠይቅ አገር አገኘሁ!»

ሲሼልስ ናት፤ ሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ ያለች የደሴቶች አገር። ሐምራዊት በስደተኛ ሰነዷ በዱባይ በኩል ትሄዳለች፣ እናቷ ከአዲስ አበባ በቀጥታ ይመጣሉ፣ እዚያ አንድ ሳምንት አብረው ይሰነብታሉ። ሐምራዊት ይህንን ስትሰማ ያን ጊዜ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ ወንበሬ ላይ ፀጉሯ ቀለም ውስጥ ያለች አንዲት የማላውቃት ሴትም አብራን አለቀሰች።

ቀኑን የመረጠችው እንግዲህ አሰፋሽ ናት። እማማ አረጋሽ ጥምቀትን ሳያከብሩ ከቤታቸው አይወጡም፤ ነነዌ ሳትገባ ደግሞ መመለስ ይፈልጋሉ። በዚያ መካከል ያለችው የጥር ሳምንት ለእናትና ልጅ የተሠራች ትመስል ነበር። አሰፋሽ ማረፊያውንም ራሷ ፈለገች። ትልቋ ደሴት ላይ ዋጋው አልጣማትም፤ ከእሷ በጀልባ አንድ ሰዓት የሚያስኬድ ትንሽ ደሴት ላይ የአንድ ሰውዬ የእንግዳ ቤት አገኘችና ደወለችለት። ድምፁን ከፍ አድርጋ ነበርና እኔም ሰማሁ።

ሰውየው ትሑት ነው። ጥር እኛ ዘንድ ዋናው የዝናብ ወር ነው አላት። ባሕሩ ሲከፋ ጀልባ ይቀራል፣ ትንሿም አውሮፕላን አትነሳም፤ አሮጊቷ ባይቸኩሉ ከሚያዝያ ጀምሮ ባሕሩ ጸጥ ይላል፣ የግድ በጥር ከሆነ ግን ሁለቱም ትልቋ ደሴት ላይ ይገናኙና አየሩን አይተው ይሻገሩ አላት።

አሰፋሽ ስልኩን በእጇ ሸፍና ወደ እኔ ዞረች። «ሰማሽው? በጥር ዝናብ! እስከ ሚያዝያ አቆይቶ ዋጋ ሊጨምርብኝ ነው።»

«አሴ፣ ሰውየው አገሩ ነው እኮ። ሳያውቅ ይናገራል?»

«አንቺ ፀጉርሽን ሥሪ። በጥር ዝናብ የለም።»

ትኬት የእሷ፣ ፀጉር የእኔ ብለን የተካፈልን ሰዎች ነን፤ ተውኳት። እሷም ለሐምራዊት ምንም አልነገረቻትም። ክፋት አልነበረም፤ አሰፋሽ ክፋት አታውቅም። ካላንደሩን ከሰውየው ይልቅ አመነች እንጂ።

የጉዞው ሳምንት ሲደርስ ታዲያ አትላንታ ራሷ በረዶ ጣለባት። መንገዱ ተዘጋ፣ ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ መኪናው ሁሉ በየዳገቱ ቆሞ ቀረ። እኔና አሰፋሽ፣ ደንበኞቹም ጭምር፣ ስለ ሐምራዊት በረራ ስንጨነቅ ሰነበትን። አሰፋሽ ከአየር መንገዱ ጋር ተጨቃጭቃ በሌላ አውሮፕላን አስገባቻት። የሁላችንም ዐይን በረዶው ላይ ነበር። በሬ ሆይ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚባለው ለእኛ ነው።

ሐምራዊት ከመሄዷ በፊት እኔ ጋ መጣች። «ሂዊ፣ ፍቺልኝ፣ እጠቢልኝ፣ ግን እንዳትሠሪኝ» አለችኝ።

«በባዶ ፀጉር ልትሄጂ?»

«እማዬ ትሠራኛለች። ከግንባሬ አንስታ ወደ ግራ የምታዞረው ሹሩባ አለ። ማንም እንደዛ አይሠራም። ኖ ኦፌንስ፣ እንዳይከፋሽ።»

ሃያ ዓመት ሙሉ ፀጉር ስሠራ እንደዚያ ተሰድቤ እንደዚያ የተደሰትኩበት ቀን የለም። ፈታሁላት፣ አጠብኩላት፣ ትንሽ ቅባት ነካ አደረግኩና ሸኘኋት። ሚዶ ግን ከቤት ይዛ ነበር፤ ሻንጣዋን ከፍታ አሳየችን። በሩ ላይ አሰፋሽ አቀፈቻትና «ከበረዶ አውጥቼ ፀሐይ ላይ ላሰጣሽ ነው» አለቻት።

ሐምራዊት አንድ ቀን ቀድማ ደረሰች። አሰፋሽ በሰጠቻት ፕሮግራም መሠረት እናቷን ትልቋ ደሴት ላይ አልጠበቀችም፤ ቤቱን ልታሰናዳ ወደ ትንሿ ደሴት ተሻገረች። እማማን የእንግዳ ቤቱ ባለቤት ዘመድ የሆነ ሾፌር ከኤርፖርት ተቀብሎ ጀልባ ላይ ሊያሳፍራቸው ነው። የመጀመሪያው ፎቶ መጣልን፤ ሰማያዊ ውሃ፣ ነጭ አሸዋ፣ ሐምራዊት ፀጉሯ በነፋስ ቆሞ ትስቃለች። አሰፋሽ ስልኳን ይዛ ከወንበር ወንበር እየዞረች አሳየች። «ጥር እኮ ነው!» አለችኝ።

እማማ አረጋሽ በማግስቱ ሲያርፉ ሰማዩ ተቀደደ። ሐምራዊት ደወለች። «አሴ፣ ጀልባው ካንስል ሆነ። ስቶርም ነው አሉ።»

«ነገ ይሄዳል፤ ቢዘንብ አንድ ቀን ነው።»

በነጋታው አልሄደም። ከዚያ በኋላ ባለው ቀንም አልሄደም። ትንሿ አውሮፕላንም ቆመች። ሾፌሩ እማማን ሆቴል ብቻቸውን መተው አሳዝኖት እናቱ ቤት ወሰዳቸው። ሁለቱ አሮጊቶች አንድ ቃል ሳይግባቡ ጎን ለጎን ተቀምጠው በመስኮት ዝናብ ያያሉ አለን። ያ ሰው ባይኖር ምን እንደሚሆኑ እግዜር ይወቅ።

አሰፋሽ በሾፌሩ ስልክ በቫይበር አገኘቻቸው። ድምፃቸው ይቆራረጣል።

«እማማ፣ እንደምን አሉልኝ? ብርድ አልመታዎትም?»

«ብርድስ የለም ልጄ፣ ሙቀት ነው። ግን ውሃው ሰማይ ይደርሳል። ሐምራዊት የት ናት ስላቸው ማዶ ናት አሉኝ። እኛ አገር ማዶ ማለት ብትጠሪው የሚሰማሽ ነው። ወጥቼ ብጠራት ትሰማኝ ይሆን?»

አሰፋሽ «አይወጡ እማማ፣ ዝናቡ ያበሰብስዎታል» አለቻቸው። ስልኩን ዘግታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረችና አለቀሰች። ደንበኞቼ ፊት ስታለቅስ አይቻት አላውቅም ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ትኬት መሸጥ አቆመች። ሰው ሲመጣ «ነገ» ትላለች። ኮምፒውተሯ ላይ የዚያ አገር የአየር ካርታ ተከፍቶ ይውላል፤ አረንጓዴው ወደ ቢጫ፣ ቢጫው ወደ ቀይ ሲዞር ታያለች። የእማማን መመለሻ ለማስተላለፍ ሞከረች። ቀጣዩ አውሮፕላን ሙሉ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ደግሞ ሩቅ ነው፤ እማማ ያመጡት የደም ግፊት መድኃኒት ለሳምንቱ ብቻ ነበር። ሐምራዊትም ፈቃዷ ያልቃል። ከየትኛውም በኩል መላ ጠፋ።

ሐሙስ ዕለት ሐምራዊት ደውላ የዓሣ አጥማጆች ጀልባ እንደምትለምን ነገረቻት። አሰፋሽ ከወንበሯ ተነስታ ጮኸችባት። «እንዳትሞክሪው! ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው! ሰማሽኝ? ሐምራዊት!» ስልኩ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ቢደወል ቢደወል አይነሳም። ያን ቀን እኔም ሥራ መሥራት አልቻልኩም። አንዷን ደንበኛ ጆሮዋን አቃጠልኳት። አሰፋሽ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ አፏ ውስጥ ትጸልያለች፤ ያን ያህል ፈርቼ አላውቅም። በመጨረሻ ሐምራዊት ደወለች። ዓሣ አጥማጆቹ በእንዲህ ያለ ባሕር ማንንም አንወስድም ብለው መልሰዋታል፤ ስልኳም ውሃ ገብቶበት ነበር። አሰፋሽ ያሰበችውን ቁጣ ሁሉ ረስታ «ምሳ በላሽ?» አለቻት፤ ከዚያ ስልኩ ላይ ተንሰቅስቃ አለቀሰች።

ሳምንቱ እንደዚያ አለቀ።

ሐምራዊት አትላንታ በተመለሰች ማግስት ጠዋት በሩን ከፍታ ገባች። ሻሽ አስራለች። አሰፋሽ ጠረጴዛዋ ላይ ነበረች፤ ተነሳች፣ መልሳ ተቀመጠች። ሐምራዊት ማንንም ሳትስም ቀጥታ ወንበሬ ላይ ተቀመጠችና ሻሿን ፈታች።

ፀጉሯ በግራ በኩል እስከ መሐል አናቷ ድረስ ተሠርቷል። ደቃቅ ሹሩባ፣ ከግንባር ተነስቶ ወደ ግራ የሚዞር፣ መስመሩ ያልተዛነፈ። የአሮጊት እጅ ነው ብሎ የሚያምን የለም። በቀኝ በኩል ያለው ግን እንዳለ ነው፤ ተበጥሮ፣ ተከፍሎ፣ ሳይሠራ የቀረ። የመጨረሻዋ ጉንጉን ሥሯ ተይዟል፣ ጫፏ ተፈትቷል።

«እሑድ ጠዋት ባሕሩ ተኛ» አለች በመስታወቱ ውስጥ እያየችኝ። «በመጀመሪያው ጀልባ ተሻገርኩ። ኤርፖርት ስደርስ እማዬ ቼክ ኢን አድርጋ በር ላይ ቆማ ነበር። አልገባም ብላ አስቸግራቸዋለች። ሂዊ፣ አጭር ሆናለች። በጣም አጭር ሆናለች። አቀፈችኝ፣ ሳመችኝ፣ ከዛ ፀጉሬን አየችው። ዝናብ፣ ነፋስ፣ ጨው... ዩ ኖው። ‹ምን አስመሰልሽው? ሰው የለሽም እንዴ?› አለችኝ። ወንበር ላይ ተቀመጠችና እግሯ መሐል መሬት ላይ አስቀመጠችኝ። ሚዶውን ከቦርሳዬ አወጣሁላት። ሰው ሁሉ ያየናል፤ እሷ ምንም አልመሰላት። ስለ ጎረቤት ታወራልኛለች፣ ማን አገባ፣ ማን ሞተ። ፊቷን አላየሁትም እኮ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ፊቷን ልይ ስል ኖሬ ጀርባዬን ሰጥቻት ተቀመጥኩ። ግን መዞር አልፈለግኩም። እጇ ጭንቅላቴ ላይ ነበር።»

ሻሿን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«ከዛ ወደ አውሮፕላኑ ጠሯት። አንዴ፣ ሁለቴ። ሾፌሩ መጣና እጇን ያዛት። ‹አንዲት ልጨርስ› ትላለች። ሾፌሩ ራሱ ያለቅሳል። ‹አንዲት ብቻ።› በዚያው ሄደች።»

ማድረቂያውን አጠፋሁት። አሰፋሽ ከጠረጴዛዋ ተነስታ መጥታ አጠገባችን ቆመች። የምትይዘው አጥታ የወንበሬን መደገፊያ ያዘች።

«ሐምራዊት፣ ሰውየው ነግሮኝ ነበር» አለች። «የዝናብ ወር ነው ብሎኝ ነበር። እዚያው ትልቋ ደሴት ላይ ይገናኙ ብሎኝ ነበር። አላመንኩትም። ላንቺም አልነገርኩሽም።»

«አውቃለሁ።»

«ታውቂያለሽ?»

«በሁለተኛው ቀን ነገረኝ። ‹ኤጀንትሽን ዋርን አድርጌያት ነበር› አለኝ። ልሰድብሽ ቀን እየጠበቅኩ ነበር። ሐሙስ ምሳ በላሽ ብለሽ ስታለቅሺብኝ ስድቡ ጠፋብኝ።»

«ምን ላድርግልሽ? በእግርሽ ልውደቅ?»

«ወድቀሽ ምን ይሠራልኛል አሴ?» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ከፍ ብታደርገው ይሻል ነበር። «ትኬት ቁረጪልን። እንደገና።»

አሰፋሽ ወደ ጠረጴዛዋ ሄደች፣ ኮምፒውተሩን ከፈተች፣ ከጀርባዋ ያለውን ካላንደር ዞራ አየችው። ከዚያ እጇን ከቁልፎቹ ላይ አነሳች። «ለመቼ ልቁረጥ?» አለች።

አብረን በኖርንበት ዘመን ሁሉ ደንበኛን «ለመቼ» ብላ ስትጠይቅ ሰምቻት አላውቅም። ሁልጊዜ የምትናገረው እሷ ናት። ሐምራዊትም ገርሟት ቀና አለች።

«እኔን ትጠይቂኛለሽ? ሰውየውን ጠይቂው።»

ደወለችለት። እንደ ቀድሞው ድምፁን ከፍ አድርጋው ነበር። ሰውየው መጀመሪያ ስለ ሐምራዊት፣ ቀጥሎ ስለ እናቷ ጠየቀ። ከዚያ የነገራት ያንኑ ነው፦ ከሚያዝያ ጀምሮ ነፋሱ ይለወጣል፣ ባሕሩ ይተኛል፣ ጀልባው አይቀርም። አሰፋሽ አልሳቀች፣ አልተከራከረች። «የትኛው ሳምንት?» አለችው። «ግንቦት ይሻላል ወይስ ሚያዝያ? ማታ ነው ጠዋት ባሕሩ የሚሻለው? ይቅርታ፣ እንደገና ንገረኝ።» እሱም እንደገና ነገራት። ስልኩን ስትዘጋ እርሳስ ይዛ ካላንደሩን ገለጠች፤ ፋሲካ ያልፋል፣ ጾም የለም፣ ባሕሩም ደኅና ነው። ሚያዝያ ላይ ጣቷን አሳርፋ ቆየች። ሐምራዊትም ጣቱ ያረፈበትን አየች።

«ሚያዝያ» አለች ሐምራዊት ቀስ ብላ። ከዚያ ወደ መስታወቱ ተመለሰች። እጄ ያልተሠራው ወገን ላይ ነበር፤ በቀስታ አነሳችው።

«ይሄን አትንኪብኝ ሂዊ። እማዬ ትጨርሰዋለች። እስከዛ በሻሽ አስረዋለሁ። ሥራ ቦታም ምንም አይሉኝም። ይቆይልኛል አይደል?»

የተሠራውን ወገን በጣቴ ዳሰስኩት። አሁን ከሥሩ ጥብቅ ነው፤ በሳምንት ሁለት ሳምንት ግን አዲስ ፀጉር ብቅ ይላል። የሹሩባ ዕድሜ ቢበዛ አንድ ወር ነው፤ ከዚያ ካለፈ ይቋጠራል፣ ሲፈቱት ፀጉሩን ይዞ ይነሳል። ሚያዝያ ሩቅ ነው። በመስታወቱ ውስጥ አሰፋሽ ታየኛለች፤ እርሳሷን ይዛ እኔ የምለውን ትጠብቃለች።

ሻሹን ከጭኗ ላይ አነሳሁ፣ በሁለት አጠፍኩት፣ የእናቷ እጅ የቆመበትን እንዳልነካ ተጠንቅቄ አሰርኩላት።

«ይቆያል» አልኳት።